በሬው ደለበ፣ ትርፉስ የት ገባ?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ «አምስት በሬ ገዝቼ አምስት ወር ቀለብኩ። ደልበው አማረባቸው። ስሸጣቸው ግን ከመኖና ከጠባቂ ደመወዝ የተረፈኝ የለም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልፋትህ ያሳዝናል። ትርፍህን የበላው አምስት ወሩ ይመስለኛል። ከሲታ በሬ መጀመሪያ ላይ ሥጋ ሲሞላ የበላውን ይመልሳል። እየቆየ ሲሄድ ግን የሚጨምረው በአብዛኛው ጮማ ነው፤ ጮማ ደግሞ ብዙ መኖ ይፈልጋል።

እስቲ አብረን እናስላው። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ከክብደቱ 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ሲወፍር ስለሚጨምር በአማካይ 8 ኪሎ እንበል። አምስት ወሩን ትተን በ90 ቀን ብናስላው 720 ኪሎ መኖ ነው። በቀን 800 ግራም ከጨመረ 72 ኪሎ ይጨምራል። ለአንድ ኪሎ ጭማሪ 10 ኪሎ መኖ ማለት ነው! ዛሬ ማታ ደብተር አውጣ። የ10 ኪሎ መኖህ ዋጋ ከአንድ ኪሎ የቁም ክብደት ዋጋ ከበለጠ፣ ከመኖው ብቻ አታተርፍም።

ታዲያ አድላቢ ከየት ያተርፋል? ከግዢው። ትልቁ ወጪህ በሬው ራሱ ነው። ከሲታ ሆኖ በርካሽ የተገዛ በሬ ሲሞላ፣ ስትገዛው የነበረው 250 ኪሎም በሰንጋ ዋጋ ይሸጥልሃል። ስለዚህ ባቢሌ ገበያ ስትወርድ ያማረውን አትይ። አጥንተ ሰፊ፣ ጥርሱ ያላለቀ፣ በርሃብ እንጂ በበሽታ ያልከሳውን ፈልግ። ቤት እንደገባ የትል መድኃኒትና የአባ ሰንጋ ክትባት ይሰጠው። ፍርንባው ሞልቶ ሲንጠለጠልና የጭራው ሥር ሲደነድን ሽጠው፤ «ትንሽ ይቆይ» አትበል።

የድሬን ሙቀትም አትርሳ። ጥላ የሌለው በሬ ያለከልካል እንጂ አይበላም። ውኃ ቀኑን ሙሉ ከፊቱ አይጥፋ፤ ዋናውን መኖ በማለዳና በማታ ስጠው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ «ፋጉሎና ፉርሽካ አልቀመስ አለ። የማሽላ አገዳ ግን ሞልቶናል። በዩሪያ ይታከማል ሲሉ ሰማሁ። ልሞክረው?»

መልስ፦ ሞክሪው እህቴ፣ ግን በጥንቃቄ። አገዳውን ከትፊው። ለ100 ኪሎ አገዳ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውኃ በደንብ አሟሚና እየነሰነስሽ ጠቅጥቂው። አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍነሽ 21 ቀን አቆዪው። ስትከፍቺው ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ እስኪበርድለት አናፍሺው። ዩሪያን በደረቁ ወይም በሚጠጣ ውኃ በጥብጠሽ እንዳትሰጪ፣ አደራ! በሬ ይገድላል።

ፋጉሎውንም ጨርሶ አትተዪው፤ ቀንሺው። እህል የምትጨምሪ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አለማምጂው። እበቱ ቀጥኖ ያልተፈጨ በቆሎ ካየሽበት እህሉ በዝቶበታል፤ ቀንሽለት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ «መቼ ብገዛ ይሻላል?»

መልስ፦ የምትሸጥበትን በዓል ቁረጥና 90 ቀን ወደኋላ ቁጠር። ለፋሲካ ያሰበ ከጾሙ መግቢያ ቀደም ብሎ ይግዛ። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ባለፈው ዓመት ቀን አትመራ።