የጨረታ ፕሮፖዛል ቲም ስትመሩ ሰዓቱን ነጥብ ወዳለበት

ሰላም ወገን፣ ዛሬ የማማከር ጨረታ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ቲም እንዴት እንደሚመራ እናያለን። ባህር ዳር ያለ አንድ ቢሮ አስቡ፣ የመስኖ ጥናት ጨረታ በኩር ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፣ ኢንጂነሩ እዛው፣ አግሮኖሚስቱ ፍኖተ ሰላም፣ የማህበረሰብ ባለሙያዋ ማርቆስ፣ ሁሉም ቴሌግራም ላይ "እሺ እልካለሁ" እያለ ነው።

ብዙ ቦታ የማየው ነገር ቲሙ "እነ እገሌ ስንት ያስገቡ ይሆን" እያለ ዋጋ ላይ ሲያመሽ ነው። ኧረ በሞቴ እናስላው።

(ስክሪን ላይ ስሌቱ)

የጨረታ ሰነዱ ቴክኒካል (ስራውን እንዴትና በማን እንደምትሰሩት) 80፣ ፋይናንሺያል (ዋጋው) 20 ይላል እንበል። ዝቅተኛ ዋጋ ያስገባ ሙሉ 20 ይወስዳል፣ ለሌላው ግን ዝቅተኛው ዋጋ በሱ ዋጋ ተካፍሎ በ20 ይባዛል። ተፎካካሪው 900 ሺ እናንተ 1 ሚሊዮን ብር ብታስገቡ 18 አገኛችሁ፣ ያጣችሁት 2 ነጥብ ነው በቃ! ቴክኒካሉ ላይ ደሞ ከመቶ 5 ብትበልጡት፣ ከመቶ የተሰጠው ወደ 80 ስለሚቀየር፣ 4 ነጥብ ሆኖ ይገባላችኋል። መቶ ሺ ብር ከመቀነስ ሜቶዶሎጂው (የአሰራር ዘዴው) ላይ ሁለት ቀን መጨመር ይሻላል ማለት ነው።

ስለዚህ አስተባባሪው ከመጻፍ በፊት የነጥብ አሰጣጡን አውጥቶ ኤክሴል ላይ ያስቀምጥ፣ ቲኦአሩ (አሰሪው የሚፈልገውን ስራ የሚዘረዝረው ሰነድ) የጠየቀው እያንዳንዱ ነገር አንድ ረድፍ፣ ጎኑ ላይ ማን እንደሚጽፈውና ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሚገኝ። ስም የሌለው ረድፍ ካለ ማንም አይጽፈውም፣ እመኑኝ።

የባለሙያዎቹን ሲቪ ደሞ መጀመሪያ ሳምንት ላይ አስፈርሙ፣ በመጨረሻው ቀን ባለሙያው ፊልድ ወጥቶ ስልኩ አይነሳም።

ረቂቁ ሲያልቅ አንድም መስመር ያልጻፈ ሰው ያንብበው፣ ፈረንጆቹ ሬድ ቲም የሚሉት ነው። ግን "እስቲ አስተያየት ስጠን" ካላችሁት በይሉኝታ "አሪፍ ነው" ብሎ ይመልስላችኋል፣ የነጥብ ሰንጠረዡን ስጡትና እንደ ገምጋሚ ማርክ ያድርግ፣ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ተመለሱ።

ሌላው፣ ለብቻው በፋይናንሺያል ፖስታ መግባት ያለበት ዋጋ ቴክኒካል ፖስታ ውስጥ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ ነው። የሚያመልጠው ደሞ ከድሮ ፕሮፖዛል ኮፒ ሲደረግ ነው፣ የስራ እቅዱ ውስጥ የአበል ሂሳብ ምናምን ተሰንቅሮ ይገኛል። ከመታተሙ በፊት ፋይሉን ክፈቱና ኮንትሮል ኤፍ ብላችሁ "ብር" የሚለውን ፈልጉ፣ "ግብር"ና "ክብር"ም ይመጣባችኋል፣ እነሱን እለፏቸው።