የጓሯችን ቢምቢ

(በጅማ ከተማ በአንድ እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጳጉሜ ወር የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? አሰላሙ አለይኩም!

ሊቀመንበራችን «አስር ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። የመዋጮው ጉዳይ ገና ስላልተነሳ እኔም ባጥር ይሻለኛል። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአካባቢ ጤና ሥራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ወባ የሚጠይቀኝ ሰው ቀንሶ ነበር። ዘንድሮ ግን ለቅሶ ቤት ስሄድ፣ ቡና ስጠራ ወሬው ሁሉ «ቢምቢው አላስተኛን አለ» ሆኗል። ወዲያው ደግሞ ጥፋተኛው ይነገረኛል። «ከቦዬ ረግረግ ነው የሚመጣው» ይላል አንዱ። አዌቱ ዳር ያለው ጎረቤቱ ደግሞ «ኧረ ከወንዙ ነው» ይላል። ከራሴ ግቢ ነው ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔም አላልኩም ነበር። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ጓሮ ስትጫወት ቆይታ መጣችና «አያቴ፣ ውሃው ውስጥ ትሎች እየጨፈሩ ነው» አለችኝ። ሄጄ ሳይ አፉ የተሰበረ አሮጌ እንስራ ነው። ባለቤቴ አበባ ልትተክልበት ብላ አጥር ሥር ያስቀመጠችው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ ከርሟል። በብርጭቆ ቀዳሁና ወደ ብርሃን ያዝኩት። ከክር የማይወፍሩ እጮች ናቸው። ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ በጅራታቸው ከውሃው ገጽ ላይ ተንጠልጥለዋል። ብርጭቆውን በጣቴ ኳ ሳደርገው ሁሉም እየተጥመለመሉ ወደ ታች ወረዱ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አየር ለመሳብ ብቅ አሉ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ጓሮ እየገባሁ «ውሃ አታቁሩ» ስል የኖርኩት ሰውዬ! ልጅቷ ዝም ብላ አይታኝ «የኛ ናቸው?» አለችኝ። የኛ ናቸው።

እንደዚያ ተዘቅዝቀው የሚንጠለጠሉት ወባ የምታስተላልፈዋ ትንኝ እጮች አይደሉም። ሌሊት ጆሯችን ሥር ሲጢጥ የምትለዋ፣ የቆሸሸ ውሃ፣ ቦይና የሽንት ቤት ጉድጓድ የምትወደዋ ቢምቢ እጮች ናቸው። የወባ ትንኝ እጭ አይንጠለጠልም። ውሃው ላይ ልክ እንደ ስንጥር ጋደም ይላል። የምትወደውም ፀሐይ የሚያገኘው፣ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ኩሬ ነው። የላም ኮቴ የረገጠው ጭቃ ውስጥ የቀረች ውሃ ይበቃታል። ለምርጊት ጭቃ የወጣበት ጉድጓድ፣ ጡብ ሲሠራ የተቆፈረው፣ የመኪና ጎማ የሄደበት ቦይ ለእሷ ቪላ ቤት ነው። ስለዚህ ትልቁን ረግረግ በሩቁ ከመውቀስ በፊት እግራችን ሥር ማየት አለብን። ጎረቤታችሁ ቤት ሲያድስ ቆፍሮ የተወውን ጉድጓድ ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀዋለሁ። ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጧል።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው መንገድ እንደ ሙቀቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ነው። ሥራችን ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሃው በየሳምንቱ ከተደፋ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ይቀራል። ክንፍ ካወጣ በኋላ በጨለማ በጭብጨባ ማባረር ነው የሚተርፈን፣ እሱንም ታውቁታላችሁ። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት። ደሙን የምትፈልገው እንቁላሏን ለማሳደግ ነው። ወንዱ የአበባ ጭማቂ ጠጥቶ ይኖራል፣ ምስኪን ነው።

«ጅማ ደጋ ቢጤ ናት፣ ወባ አያሰጋንም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ላይ ናት። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 መግቢያ ላይ አገራችንን የመታው ወረርሽኝ ግን በዋናነት ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ነው ያጠቃው። 150 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ጊዜውንም ልብ በሉ። ዝናቡ ሲያባራ፣ ኩሬው ሲጠራ፣ ፀሐይ ሲወጣ ነው። ማለትም አሁን ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ያለው የአበባና የእሸት ጊዜ የቡሳ፣ ማለትም የወባ ጊዜም ነው።

አንድ እንግዳ የወባ ትንኝም አለች። በእኛ አገር መጀመሪያ የተገኘችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። እሷም ወባ ታስተላልፋለች፣ ግን እንደ ነባሯ የሜዳ ኩሬ አትጠብቅም። ሮቶ፣ በርሜል፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወባ የተነሳው በእሷ ምክንያት ነው። የውሃ ፈረቃ ስላለብን ሁላችንም እናጠራቅማለን፣ ማጠራቀም ነውር አይደለም። ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ ግን ነውር ነው። ክዳን ካጣችሁ ወንፊት የመሰለ ጨርቅ ወጥራችሁ በላስቲክ እሰሩት። በርሜሉን በሳምንት አንድ ቀን እስከ ግርጌው ባዶ አድርጋችሁ ግድግዳውን ፈትጉት፣ ምክንያቱም እንቁላል እዚያ የሚለጠፍ የትንኝ ዘር አለ። አሸንዳችሁንም እዩ። ቅጠል የደፈነው አሸንዳ ጣራ ላይ የተቀመጠ ኩሬ ነው፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

የእንሰት ነገር ሁልጊዜ ይጠየቃል። አዎ፣ በእንሰት ቅጠልና ግንድ መገናኛ ውሃ ይቋጥራል፣ እዚያ የሚራቡ ትንኞችም አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 62 በደቡብ ምዕራብ አገራችን ቢጫ ወባ ሲነሳ ከተጠረጠሩት አንዷ እዚያ የምትራባ ትንኝ ነበረች። እንሰታችሁን ቁረጡ አላልኩም! ባለቤቴ ትሰማኛለች። መኝታ ቤት መስኮት ሥር አትትከሉ ነው የምለው።

አሁን ወደ መዥገር ልለፍ። ቢምቢ ስንል እሱን እንረሳዋለን። ላም ያለው፣ ውሻ ያለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰሞኑን የበዓል በግ የሚያስገባ ሰው ይስማኝ። በጉን ስንገዛ ሽንጡን እንዳብሳለን፣ ጥርሱን እናያለን። ጆሮውን ውስጡን፣ ከጭራው ሥር፣ ብብቱን ማን ያያል? በጉ ሦስት ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ይታረዳል፣ ከእሱ የወረደው መዥገር ግን ይቀራል።

መዥገር አይዘልም፣ አይበርም። ሳር ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ደም ጠጥታ እንደ ባቄላ ያበጠችው ሴቷ ወደ መሬት ትወርድና ቅጠል ሥር፣ ድንጋይ ሥር፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች። እዚያ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ ከላሟ ነቅላችሁ ወደ ጓሮ የምትወረውሩት ሰዎች፣ ዘር እየዘራችሁ ነው። ነጭ ጋዝ ያለበት ቆርቆሮ ያዙና እዚያ ጨምሩት። በጥፍር መጨፍለቅም ይቅር፣ ደሙ በሽታ ሊይዝ ይችላል። ሳሩን አሳጥሩ፣ የወደቀውን ቅጠል ጥረጉ፣ ፀሐይ መሬቱን ይምታው። መዥገር ድርቀት አይችልም። የጭቃ ቤት ስንጥቅ ያለው ሰው ይምረግ፣ የውሻ መዥገር ግድግዳ ይወጣልና። ዶሮም ትለቅማለች፣ ግን እሷን ብቻ አትመኑ።

ሰው ላይ ከተጣበቀ ቅቤ መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት፣ ጋዝ ማንጠባጠብ የድሮ ልማድ ነው፣ ተዉት። በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙትና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ከዚያ በሳሙና እጠቡ። በቀናት ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ከመጣ፣ የተነከሰው ቦታም ጥቁር ቅርፊት ካበጀ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «መዥገር ነክሶኝ ነበር» ማለት አትርሱ፣ ካልተናገራችሁ ሐኪሙ ወባ ብቻ ሊያስብ ይችላል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውሻዬን መዥገር ወረረው። የእንስሳት ሐኪም ጋ መሄድ ታከተኝና ገበያ ላይ በሃይላንድ ላስቲክ የሚሸጥ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ፈሳሽ ገዛሁ። ሻጩ «ጠብ ብታደርግበት ያረግፈዋል» አለኝ። እኔ ደግሞ በጠብታ ፈንታ አፈሰስኩበት። ማታ ውሻው ለሀጩ ይዝረከረካል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ተረፈ፣ ግን በሐኪም ነው የተረፈው፣ ያኔውኑ ብሄድ ኖሮ በሩብ ዋጋ በተገላገልኩ። የእርሻ ፀረ ተባይ ለቤት አይሆንም። ለሚጠጣ ውሃማ በጭራሽ። የምትታለብ ላም ካለቻችሁ መታለቧን ለሐኪሙ ንገሩ፣ ወተቱ ስንት ቀን እንደማይጠጣም ጠይቁ። ሊደፈን የማይችል ኩሬ ካለ ደግሞ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንንገራት። «አቤት» የሚባል እጭ ገዳይ አለ፣ በልኩ የሚረጨው የሠለጠነ ሰው ነው። ስሙ ደስ ይለኛል። ትጠሩታላችሁ፣ አቤት ይላል።

አጎበር ላይ ብዙ አልልም፣ ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። የችግኝ አጥር ያደረጋችሁት አውርዱት። አዌቱ ውስጥ አትጠቡት፣ መድኃኒቱ ለዓሳ መርዝ ነው። በጥላ አስጡት። የወይራና የባሕር ዛፍ ጭስ ጥሩ ነው፣ ግን ጭሱ ሲበን ቢምቢዋ ተመልሳ ትመጣለች።

ኮሚቴው የተስማማበትን ላንብብ። ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቤት ግማሽ ሰዓት የራሱን ግቢ ይዞራል። የቆመ ውሃ ይደፋል፣ የማይደፋው ይከደናል፣ ጉድጓዱ ይሞላል። ከዚያ 2 ሰዓት ላይ ከጎሚስታው ጀርባ እንገናኝና የጋራውን ቦይ እንጠርጋለን። እዚያ የተከመሩት ጎማዎች ሆዳቸው ውሃ ሞልቷል፣ ባለቤቱ እንድናነሳቸው ፈቅዷል። አካፋ ያለው አካፋ ይያዝ፣ ዶማ ያለው ዶማ። ቀሪ እንደ ለቅሶ ቀሪ ይቀጣል፣ ይህን ያልኩት እኔ ሳልሆን ጸሐፊው ናቸው። እንስራውን የሚፈልግ ካለ ደግሞ ከደጄ ላይ አለ፣ ቂጡን በስቼዋለሁ።