አራቱ ጥላሁኖች፦ ለድሮ አምፕሊፋየር የኔትወርክ ሙዚቃ ማጫወቻ

(ምስል፦ ሳሎን። ቡፌ ላይ የተቀመጠ ሰፊ አምፕሊፋየር፣ ግራና ቀኙ ትልልቅ ስፒከሮች።)

ይሄ አምፕሊፋየር የአባቴ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል። የካሴት ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል፤ እሱ ግን ድምፁ እንደ ድሮው ነው። የጎደለው የሚያጫውተው ነገር ብቻ ነበር።

ለጊዜው ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ሰካንለት። እናቴ ዘፈን ትከፍታለች። ስልኳ ይጠራል፣ ዘፈኑ ቀጥ ይላል። ስልኩን ይዛ ጓዳ ስትገባ ደግሞ ይቆራረጣል። በመጨረሻ ተወችው።

ዛሬ የምንሠራው ሌላ ነው። ማጫወቻው አምፕሊፋየሩ ጎን ይቀመጣል። ዘፈኖቹም እዚያው ናቸው። ስልኩ ሪሞት ብቻ ይሆናል። ቢጠራ፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ ባለቤቱ ይዞት ገበያ ቢሄድ ሙዚቃው አይቆምም። ቤት ውስጥ ራውተር ካለ ይበቃል፤ የኢንተርኔት ፓኬጅ ቢያልቅም ይሠራል።

(ምስል፦ ራስፕቤሪ ፓይ በመዳፍ ላይ።)

ዋናዋ ዕቃ ይህች ናት፤ ራስፕቤሪ ፓይ። በ2012 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣች፣ የባንክ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር። እዚህ አገር ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። የእኔ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው የገባችው። ሞዴል 3 ወይም 4 ይበቃል፤ ዘፈን ማጫወት ለእሷ ቀላል ሥራ ነው።

3 እና 4 ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለ። ለሙከራ ይሆናል፤ ድምፁ ግን ሻካራ ነው። ሞዴል 5 ላይ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ዳክ የሚባል ሰሌዳ እንጨምራለን።

ዳክ ምንድን ነው? ፋይል ውስጥ ያለው ዘፈን የቁጥር ክምር ነው። ሲዲ ላይ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ ነው የተመዘገበው። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አያውቅም፤ የሚገባው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው። ያንን ቁጥር ወደዚህ ኤሌክትሪክ የሚመልሰው ዳኩ ነው። ሃይፋይቤሪ የሚባለው ዓይነት ፓይዋ ላይ በቆሙት 40 እግሮች ላይ ተጭኖ ይቀመጣል። ብየዳ የለም፣ ሽቦ መላጥ የለም።

ቻርጀሩ ላይ አትሰስቱ። ሞዴል 4 አምስት ቮልት፣ 3 አምፒር ትፈልጋለች። የድሮ ስልክ ቻርጀር ብትሰኩላት ትነሳለች፤ ከዚያ ዘፈን መሀል ላይ ትዘጋለች። እናንተ ደግሞ ዋይፋዩን ስትወቅሱ ትውላላችሁ።

(ምስል፦ የአምፕሊፋየሩ ጀርባ፤ አቧራው ሲጠረግ።)

አሁን ገመዱ። የዴክ ገመድ ቤት ውስጥ አይጠፋም፤ ያ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ያለው። ቢጫው የምስል ነው፣ ተዉት። ነጩ ግራ፣ ቀዩ ቀኝ።

ጀርባው ላይ ኦክስ ወይም ሲዲ የሚል ካለ እዚያ ሰኩት። ፎኖ የሚለውን ግን አትንኩ። ፎኖ የሸክላ ማጫወቻ ቦታ ነው። ከሸክላ መርፌ የሚመጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ ሆን ተብሎ ተቀንሶ የተቀረጸ ነው። ፎኖ ይህን ለማካካስ አብዝቶ ያጎላል፣ ወፍራሙንም መልሶ ይጨምራል። ዳኩን እዚያ ብትሰኩት የሚወጣው የታፈነና የተሰነጠቀ ጩኸት ነው።

ቴፕ የሚለውም ይሆናል፤ ግን ሁለት ጥንድ አለው። አንዱ ከቴፕ ድምፅ መቀበያ፣ ሌላው ወደ ቴፕ መላኪያ። እኔ መላኪያው ላይ ሰክቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ሶፍትዌሩን ስፈትሽ ነበር። ዝም፣ ጭጭ። አባቴ መጥቶ ገመዱን አንድ ረድፍ ወደ ታች አወረደው። ምንም አላለም፤ ብቻ ሳቀ።

(ምስል፦ ላፕቶፕ፣ ሚሞሪ ካርድ።)

ሶፍትዌሩ ብዙም አያስወራም። ፓይዋን ሙዚቃ ማጫወቻ የሚያደርጋትን፣ ቮሉሚዮ የሚባለውን ወሰድኩ፤ መሠረታዊው ነጻ ነው። ላፕቶፕ ላይ አውርዳችሁ ሚሞሪ ካርድ ላይ ትጽፉታላችሁ። ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ ግን አይሠራም፤ ለዚሁ የተሠራውን የራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር ተጠቀሙ። ካርዱን ፓይዋ ውስጥ ክተቱ፣ ፓይዋን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙ፣ ኃይል ስጡ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስልካችሁ ብሮውዘር ላይ ቮሉሚዮ ነጥብ ሎካል ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል (volumio.local) ጻፉ። ቋንቋውን፣ የዳካችሁን ሞዴል፣ ዋይፋዩን ይጠይቃል፤ መልሱለት።

የመጀመሪያውን ዘፈን ከመክፈታችሁ በፊት የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዝቅ አድርጉ። ዳኩ በሙሉ ጉልበቱ ሊልክ ይችላል፤ ጎረቤትም አለ።

ዘፈኖቹን በሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ አድርጋችሁ በዩኤስቢ ትሰካላችሁ። ሲዲ ያላችሁ ሰዎች ፍላክ በሚባለው ዓይነት ገልብጡት። ምንም ሳይጥል ያሳንሰዋል፤ አንድ ሙሉ አልበም ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ሜጋባይት ይይዛል። ኤምፒ3 የነበረውን ወደ ፍላክ መቀየር ግን ቦታ ማባከን ነው። የተፈጨ ጤፍ ተመልሶ ነዶ አይሆንም።

(ምስል፦ የስልክ ስክሪን፤ የድምፃውያን ዝርዝር።)

ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ይሄ ዝርዝር ነው።

ጥላሁንን ፈለግኩ። አራት ጥላሁን አገኘሁ። አንዱ ገሠሠ በንጉሡ ሠ፣ አንዱ ገሰሰ በእሳቱ ሰ፣ ሁለቱ በላቲን ፊደል፤ እነሱም እርስ በርስ የማይመሳሰሉ። ለእኛ ጆሮ አንድ ሰው ነው። ለማጫወቻው አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ ሁሉም እንዲሁ ይለያዩበታል። ፈረንጅ ያዘጋጀው መመሪያ ይህን አይነግራችሁም፤ የእሱ ፊደል ይህ ጣጣ የለበትም።

ማጫወቻው የሚያነበው የፋይሉን ስም ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ ነው፤ ታግ ይሉታል። ኤምፒ3ታግ በሚባለው፣ ዊንዶውስ ላይ ነጻ በሆነው ፕሮግራም መቶውን ዘፈን በአንድ ጊዜ መርጣችሁ አንድ ስም ትሰጡታላችሁ። የትኛውን አጻጻፍ እንደምትመርጡ የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ካሴቱ ልባስ ላይ እንዳለው አደረግኩ። ዋናው ነገር ሁልጊዜ ያው መሆኑ ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ስሙ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ የሚወጣባችሁም ይኖራል። የመጀመሪያው የኤምፒ3 ታግ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለርዕስ 30 ፊደል ብቻ፣ ያውም ላቲን ነበር የሚይዘው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ አሮጌ ዓይነት ታግ አማርኛ የጻፈ ሁሉ ያገኘው የጥያቄ ምልክት ነው። አሮጌውን ታግ አጥፍታችሁ በአዲሱ እንደገና ጻፉት። ሌላ መድኃኒት የለውም።

የበዓል ስብስቦችም አሉ። አንድ አልበም፣ 12 ድምፃዊ። ማጫወቻው 12 ቦታ ይበትነዋል። የአልበሙ ድምፃዊ የሚል ሌላ ሳጥን አለ። እዚያ ለ12ቱም «የተለያዩ ድምፃውያን» ብላችሁ ሙሉት፤ ይሰበሰባሉ። ይህን ሳጥን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ አንድ ሳምንት ባተረፍኩ።

(ምስል፦ መብራት የጠፋበት ሳሎን፤ ሻማ።)

መብራት። ፓይዋ ካርዱ ላይ እየጻፈች እያለ መብራት ድርግም ቢል ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። የእኔ በሁለተኛው ወር ሄደ። ደግነቱ ዘፈኖቹ ሌላ ዲስክ ላይ ነበሩ። አሁን ሁሉን አስተካክዬ ስጨርስ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ቢበላሽ በግማሽ ሰዓት እመልሰዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ካላችሁ ፓይዋንም እሱ ላይ ሰኩ። ማታ ስትዘጉ ደግሞ መጀመሪያ ከስልኩ ላይ ተዘጊ በሏት፣ ከዚያ ዲቫይደሩን አጥፉ።

(ምስል፦ የእናት ስልክ። አንድ አዶ ብቻ ያለበት የፊት ገጽ።)

የመጨረሻዋን ነገር ለእናቴ ነው ያደረግኩት። ብሮውዘሩ ላይ ገጹን ከፍታችሁ ወደ ስልኩ የፊት ገጽ ጨምር የሚለውን ብትነኩ እንደ ማንኛውም አፕ አዶ ይሆናል። ስሙን «ሳሎን» አልኩት። ትናንት ጓዳ ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ከፈተችው። ስልኳ ጠራ። አነሳች፣ አወራች። ሳሎኑ ዘፈኑን አላቋረጠም፤ እሷም «ቆይ፣ ድምፁን ልቀንሰው» ብላ በዚያው ስልክ ቀነሰችው።