እንጨት አፈር አይንካ፦ ስለ ጓሮ ድልድይ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ክፍለ ጊዜ የእንጨት ሥራ ባለሙያችን፣ በግቢና በጓሮ ትንሽ የእንጨት መሸጋገሪያ መሥራት ለሚፈልጉ አድማጮች መልስ ሰጥተዋል።

ከሰሚት፦ ግቢዬን የሚያቋርጥ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የዝናብ ውኃ ቦይ አለ። ምን ያህል እንጨት ልግዛ?

ለተሸካሚ ውፍረቱ 5፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ሦስት ይግዙና እያንዳንዱን በሦስት ሜትር ይቁረጡ። በሁለቱም በኩል ከቦዩ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ያልፋል ማለት ነው። ተሸካሚዎቹን በ40 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይደርድሯቸው። ለወለሉ 3 ሴንቲ ውፍረትና 14 ሴንቲ ስፋት ያለው፣ በ90 ሴንቲ የተቆረጠ 20 ቁራጭ ይበቃል፤ ከባለ 4 ሜትር ጣውላ አራት ይወጣዎታል። በወለሉ ቁራጮች መካከል የአንድ ሴንቲ ክፍተት ይተዉ፤ ውኃው የሚወርድበት ያስፈልገዋል።

ተሸካሚውን እንደ አግዳሚ ወንበር በጎኑ አያንጥፉት፣ በጠርዙ ያቁሙት። ያው ጣውላ በጠርዙ ሲቆም በጎኑ ከተነጠፈው በ3 እጥፍ ይጠነክራል። ጫፎቹ ከመሬት 10 ሴንቲ ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ይረፉ። እንጨት አፈር አይንካ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ ታገሡኝ።

ከደብረ ብርሃን፦ የራሴን ባሕር ዛፍ ቆርጬ ብሠራውስ?

ይሆናል፤ ግን ዛሬ ቆርጠህ ነገ አትምታው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩንም ይተፋዋል። ቅርፊቱን ወዲያው ላጠው፤ ጫፍና ጫፉን ቀለም ቀባው፤ ከዚያ በየመካከሉ ሞራሌ እያስገባህ ጥላ ሥር ከምረህ ቢያንስ ሦስት ወር ተወው። ምስጥም ይወደዋል። የሐበሻ ጥድ በተፈጥሮው ምስጥን የሚቋቋም ነው፤ ነገር ግን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ሕጋዊ ደረሰኝ ካለው ነጋዴ ብቻ ግዛ። የፈረንጁ ጥድ ግን በስም እንጂ በጥንካሬ ዘመዱ አይደለም። የቱንም ብትመርጥ አፈር አይንካ።

ከሐዋሳ፦ በሚስማር ብቻ አይበቃም?

ለወለሉ ይበቃል፣ በትራፓኖ ቀድመህ ከበሳኸው። የመደገፊያው ቋሚ ግን ከተሸካሚው ጋር በባለ 12 ሚሊ ብሎን፣ ከነዳዶውና ከነሮንዴላው ይታሰር። ሰው ሲደገፈው ሚስማር ቀስ በቀስ ይነቀላል።

ከአዳማ፦ ባጃጅ ያሳልፋል?

አያሳልፍም።

ከአቃቂ፦ መሬታችን ዋልካ ነው። ግንቡ በየክረምቱ ይሰነጠቃል።

ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የተቀመጠበትንም ይዞ ይነሳል። ጥልቀቱን እስከ አንድ ሜትር ቆፍራችሁ ዋልካውን አውጡ፤ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ንብርብር እያጠጣችሁ ጠቅጥቁ፤ ድንጋዩ በዚያ ላይ ይገንባ። አንድ ሜትር ወርዳችሁም ጥቁሩ አፈር ካላለቀ መሐንዲስ ይየው።

ከወሊሶ፦ ያረጀ የመብራት ምሰሶ በርካሽ አግኝቻለሁ። ለተሸካሚ ልጠቀምበትና ትርፍራፊውን ባለቤቴ እንጀራ ትጋግርበት ብዬ ነው።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው፤ ባለቤትህም ትስማ።

የመብራት ምሰሶ እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣ እንጨት ነው። አረንጓዴ ከመሰለ ብዙውን ጊዜ መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሰኒክ አለበት። ጥቁር ሆኖ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ከሆነ ከድንጋይ ከሰል የወጣ ዘይት ነው፤ እሱም ካንሰር ያመጣል። አርጅቶ ቀለሙ ቢጠፋም መርዙ ውስጡ ነው። አርሰኒክ ደግሞ ንጥረ ነገር ስለሆነ እሳት አያጠፋውም። ከፊሉ በጭሱ ይወጣል፤ ምጣዱ ሥር ጎንበስ ብላ እፍ የምትለዋ ትስበዋለች። የቀረው አመዱ ውስጥ ይጠራቀማል።

አሁን ያ አመድ ቤታችን ውስጥ የት የት እንደሚደርስ ቁጠሩ። ድስት ይታሽበታል። ጎመኑ ሥር ይበተናል። ዶሮዎቹ ይንከባለሉበታል፣ ላሟ ትልሰዋለች፣ ልጁ በእጁ ይነካውና እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። «አንድ ቀን ብቻ ነው» አትበሉኝ። ለማገዶ አይሆንም፤ ለቡና ከሰልም፣ ለሥጋ ጥብስም አይሆንም። በዚህ እንጨት ያነደደ ቤት ውስጥ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ከታየ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ምን እንደነደደም ለሐኪሙ ንገሩ።

ለተሸካሚነትስ? ከመሬት በላይ፣ የመጠጥ ውኃና አትክልት በሌለበት ቦታ ይሆናል። መጀመሪያ ተተክሎ የነበረበትን ጫፍ በመዶሻ ምታው፤ እንደ ከበሮ ከጮኸ ውስጡ አልቋል። ስትቆርጠው ደጅ ሁን፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ሸራ አንጥፍ። ሰጋቱራውን ዶሮ ቤት አትበትን፤ ከትርፍራፊው ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥረህ ማስወገጃውን ማዘጋጃ ቤት ጠይቅ። ደረሰኝም ተቀበል፤ ምሰሶ ባለቤት አለው።

ከጎንደር፦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ልቀባው?

አይቀቡት፣ እመቤቴ። ከላይ ያንሸራትታል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ምስጥንም አያቆምም። የተፈላ የተልባ ዘይት በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀቡ። የቀቡበትን ጨርቅ ግን ጨብጠው ጥግ አይጣሉት፤ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ሊነድ ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

ከጂማ፦ ክረምት ላይ ወለሉ ይሙለጨለጫል።

የዶሮ ሽቦ አንጥፈሽ በአጫጭር ዩ-ሚስማር ምቺው፤ ጫፎቹን ወደ ታች እጠፊያቸው፣ እግር ይቧጭራሉ።

ከባሕር ዳር፦ የልጆች መደገፊያ ምን ያህል ይቁም?

አንድ ሜትር። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ አይብለጥ፤ የልጅ ጭንቅላት አይለፍ።

ከአዲስ አበባ፦ ቤታችን ወንዝ ዳር ነው። ስድስት ሜትር ያህል ተሻግረን ወደ ጓሮ የምንወጣበት ብንሠራስ?

ይህ የእኔም የሰፈር አናጢም ሥራ አይደለም። ርዝመቱ በእጥፍ ሲጨምር መሃል ላይ አንድ ሰው ቆሞ የሚፈጥረው መርገብ 8 እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚያስፈራው ጎርፉ ነው። ወንዙ ዳር ቁጥቋጦው ውስጥ የተንጠለጠለውን ገለባና ፌስታል ተመልከቱ፤ ውኃው እዚያ ደርሶ ነበር። ድልድዩ ከዚያ በታች ከሆነ ጎርፉ ግንድ እየሰበሰበ ይገፋዋል፣ ተገንጥሎም የታችኛውን ጎረቤት አጥር ይመታል። ለወንዝ ዳር ግንባታ ፈቃድ ወረዳውን ጠይቁ፣ ልኬቱን መሐንዲስ ያውጣው። እስከዚያው ልጆቹ በሐምሌና በነሐሴ በዚያ በኩል አይሻገሩ።