ገንዘባችሁ የገዛው ስሙን ነው ወይስ ስፌቱን?

(ምስል፦ የሴት የእጅ ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ። ካሜራው እየተጠጋ ይሄዳል።)

ይህን ቦርሳ ተመልከቱት። ፊቱ ላይ በወርቅማ ብረት የተጻፈው ስም ፓሪስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዩሮ ያስከፍላል። ይህኛው የተገዛው በ2,500 ብር ነው። ሻጩም እንደ ወጉ «የቱርክ ነው፣ አንደኛ ነው» ብሎ ምሏል። ከሩቅ ላየው እንከን የለውም። አሁን ግን እንክፈተው።

ዚፑ ሲሳብ መሐል ላይ ይይዛል። ገበሩ የተያያዘው በስፌት ሳይሆን በማስቲሽ ነው፤ ጥጉን በጣቴ ሳነሳው ያለ ትግል ይላቀቃል። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፍበት ማለት ነው፣ አንድ መስመር ስፌት ብቻ አለው። ስሙ የተጻፈበት ብረት ግን በአራት ብሎን ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ከዚህ ቦርሳ ላይ የማይነቀለው እርሱ ብቻ ነው።

የፎርጅድ ዕቃ ምስጢር ይኸው ነው። አምራቹ የሚሸጠው በዓይን የሚታየውን ስለሆነ፣ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ በቅድሚያ ለአርማው ያውላል፤ ለዚፕ፣ ለገበርና ለክር የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። በዚሁ 2,500 ብር ምንም ስም ያልተጻፈበት ቦርሳ ብትፈልጉ፣ ቢያንስ ቢያንስ የሚዘጋ ዚፕ ታገኛላችሁ።

(ምስል፦ የቦርሳው ጠርዝ በቅርበት።)

«ቆዳ» የተባለውም ቆዳ አይደለም። ከጨርቅ ላይ የተቀባ ፖሊዩሪቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ በራሱ ጊዜ ይበላሻል። ለሰርግ ብቻ እየተያዘ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቦርሳ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲወጣ እንደ ሽንኩርት የሚላጠው ለዚህ ነው። ቢይዙትም ባይዙትም ያልቃል።

እስቲ በግምት እናስላው። 2,500 ብር የወጣበት ቦርሳ በየቀኑ ተይዞ አምስት ወር ቢያገለግል፣ በወር 500 ብር ተከፈለበት ማለት ነው። እዚሁ አገር ከእውነተኛ ቆዳ የተሰፋ የ6,000 ብር ቦርሳ አራት ዓመት ቢቆይ ግን በወር 125 ብር ነው። በእርግጥ 6,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ለሁሉም ሰው የሚቻል አይደለም። ርካሽ ዕቃ ገበያ የሚያገኘው ገዢው ሒሳብ ስለማያውቅ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ ያለው ያችው ስለሆነች ነው።

(ምስል፦ የፓሪስ የሱቅ መስታወት።)

«እሺ፣ ኦሪጅናሉስ ዋጋውን ያክላል ወይ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እኔ አያክልም ባይ ነኝ።

የፈረንሳዩን የፋሽን ቤት ሉዊ ቪቶንን እንውሰድ። ያን በአበባና በፊደል የተሞላ ቡናማ ጥለቱን ቤቱ ያወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ነው፤ አንዱ ምክንያትም አስመሳዮችን ለመከላከል ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚኮረጁት ጥለቶች አንዱ ያው ነው። ደግሞም የታወቀው ባለጥለት ቦርሳ ገላው ቆዳ አይደለም፤ ፕላስቲክ የተቀባ የጥጥ ሸራ ነው። ጠንካራ ሸራ መሆኑን አልክድም። ሰው ግን የዚያን ያህል ሲከፍል ሸራ እየገዛ መሆኑን ቢያውቅ አይከፋም።

ከዚህ የባሰው የሚላኑ ነገር ነው። በ2024 በጣሊያን የሚላን ፍርድ ቤት የሌላውን የፈረንሳይ ፋሽን ቤት፣ የዲዮርን፣ አንድ የማምረቻ ኩባንያ በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ ሥር አደረገው። መርማሪዎች በከተማዋ አካባቢ በንዑስ ተቋራጭነት የሚሠሩ ወርክሾፖች ውስጥ ሲገቡ፣ እዚያው የሚያድሩ ሠራተኞችና የአደጋ መከላከያቸው የተነሳ ማሽኖች አገኙ። በሱቅ 2,600 ዩሮ ለሚሸጥ አንድ ቦርሳ ለወርክሾፑ የሚከፈለው 53 ዩሮ ነበር። የቆዳው ዋጋ በዚህ ውስጥ አልተካተተም፤ ሆኖም ቆዳው ምን ያህል ቢወደድ ልዩነቱን አይሞላውም። ኩባንያው አሠራሩን በማስተካከሉ አስተዳዳሪው በ2025 ከቀጠሮው ቀድሞ ተነሣ። እንግዲህ «ፎርጅድ አልገዛም፣ ሠራተኛ ይበዘበዝበታል» የሚል ሰው፣ ኦሪጅናሉን በመግዛቱ ብቻ ከደሙ ንጹህ ነኝ ማለት አይችልም።

(ምስል፦ ቀይ ሶል ያለው ባለተረከዝ ጫማ።)

ሕጉ ጋ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ቅርጽ መምሰል አንድ ነገር ነው፤ ስም መስረቅ ሌላ ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የልብስን አቆራረጥ የማንም ርስት አያደርግም፤ ልብስ መገልገያ ዕቃ ነውና። አውሮፓ ጠበቅ ያደርጋል፤ እዚያ አዲስ ንድፍ ባይመዘገብ እንኳ ለ3 ዓመት ጥበቃ አለው። ስምና አርማ ግን የትም ቢሆን በንግድ ምልክት ሕግ የታጠሩ ናቸው፤ በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። መሐል ላይ የሚያከራክሩ ጉዳዮችም አይጠፉም። በአውሮፓውያን 2012 ኒው ዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በጫማ ንድፍ አውጪው በክርስቲያን ሉቡታን ቀይ ሶል ላይ ሲፈርድ፣ ሶሉ ቀይ ሆኖ የጫማው ገላ ሌላ ቀለም ከሆነ ምልክቱ የሉቡታን ነው፣ ሁለንተናው ቀይ የሆነ ጫማ ግን ተከራካሪው የፋሽን ቤት ኢቭ ሳን ሎራንም መሥራት ይችላል አለ።

ጣሊያን የምትኖሩ ወይም ለጉብኝት የምትሄዱ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እዚያ የሚቀጣው ሻጩ ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ አንሶላ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ፎርጅድ ቦርሳ የገዛ ሰውም እስከ 7,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። በዚያ ገንዘብ ኦሪጅናሉ ተገዝቶ መልስ ይተርፋል።

(ምስል፦ መርካቶ፣ የጫማ መደርደሪያ።)

መርካቶ ውስጥ ከዚህ ሁሉ የተገላቢጦሽ የሆነ ነገር አለ። በዙሪያው ባሉ ትንንሽ ወርክሾፖች የሚሠሩት ጫማዎች ብዙዎቹ የሚናቁ አይደሉም። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ የውጭ ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉት ቆዳ ነው፤ የጫማ ሠሪዎቹም እጅ የተፈተነ ነው። ነገር ግን ገዢው የውጭ ስም ካላየ ስለማይረጋ፣ አዲስ አበባ የተሰፋ ጫማ የጣሊያን ስም ተለጥፎበት ይሸጣል። እዚህ ላይ ፎርጅዱ ስሙ ብቻ ነው፤ ጫማው እውነተኛ ነው! እንዲህ ዓይነቱን ጫማ ሶሉን አጥፋችሁ፣ ስፌቱን ቆጥራችሁ፣ ውስጡን አሽትታችሁ ግዙ። ስለ ስሙ ግን ሰባራ ሳንቲም አትጨምሩ።

(ምስል፦ ሽሮ ሜዳ፤ ከበር ላይ የተንጠለጠሉ ነጫጭ ቀሚሶች።)

እኔን በእጅጉ የሚያበሳጨኝ አስመስሎ መሥራት ግን የቦርሳው አይደለም። ሽሮ ሜዳ ያለው ነው።

እስከ አሁን ያነሣናቸው ተኮራጆች ጠበቃ የሚያቆሙ ሀብታም ኩባንያዎች ናቸው። የሸማኔው ጥለት ግን አርማ የለውም፤ አልተመዘገበም፤ ከሳሽም የለው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው መጥተው እንጦጦ ሥር የሰፈሩት ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው፣ መወርወሪያውን በድሩ መሐል እያመላለሱ፣ ጥለቱን ክር በክር ያስገባሉ። ጥለቱ የበዛ ቀሚስ ሳምንታት ይፈጃል። ያ ጥለት ፎቶ ተነሥቶ ውጭ አገር ፋብሪካ ውስጥ በፖሊስተር ላይ ሲታተም ግን ሜትሩ በደቂቃዎች ይወጣል። ተመልሶ መጥቶም ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ከዋናው ጎን ይሰቀላል።

(ምስል፦ ሁለት ጨርቆች ጎን ለጎን። እጅ ይገለብጣቸዋል።)

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ጨርቁን ገልብጡት። የእጅ ሥራው ጀርባ ላይ የጥለቱ ክሮች ሲሻገሩና ሲቋጠሩ ይታያሉ። የታተመው ጀርባው ነጣ፣ ደብዘዝ ያለ ነው። ካላመናችሁ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና ሻጩን አስፈቅዳችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ይጠቀለልና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የለበሰው ሰው ደግሞ ያለ ክብሪትም ያውቀዋል፤ ፖሊስተር ላብ አይጠጣም። በጥምቀት ፀሐይ ጃን ሜዳ ቆሞ መዋል ይበቃል።

ታዲያ የታተመውን ፈጽሞ አትግዙ ልል ነው? አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከልኩ ለሚያልፍ ሕፃን፣ ለትምህርት ቤት የባህል ቀን ለአንድ ማለዳ ለሚፈለግ ልብስ ማንም ሸማኔ ቅር አይለውም። በታተመ ጨርቅ ላይ የእጅ ሥራ ዋጋ መክፈል ግን መታለል ነው፤ ይህ ደግሞ በተለይ ክረምት ላይ ከውጭ በሚመጡ ወገኖቻችን ላይ ይበረታል። ስትጠይቁም «ጥሩ ነው ወይ?» አትበሉ፤ የማይወደስ ዕቃ የለም። «የእጅ ነው የማሽን? ድሩ ምንድን ነው፣ ማጉስ?» በሉ። ይህን ስትጠይቁ የሻጩ አነጋገር ወዲያው ይለወጣል፤ አንዳንዱም ከታች ያለውን ሌላ ክምር ያወጣል።

ገንዘቡ ለሙሉ ቀሚስ ካልደረሰ፣ ጥለቱ ቀጠን ያለ የእጅ ሥራ ነጠላ ግዙና በቤት ውስጥ ባለ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ላይ ልበሱት። ለመስከረም በዓላት ከሆነ ሐምሌ ላይ ለሸማኔው ቀብድ ስጡት። ጳጉሜ ላይ የመጣ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ነው፤ ዋጋውም የዚያን ሳምንት ዋጋ ነው።