ጨጓራዬ ተቀንሶ፣ ገበታው እንደነበረ

ውድ አድማጮቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ብቻዬን ነው የምናገረው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ከቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ አዲስ ሆስፒታል በተከፈተ በስድስተኛው ወር፣ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርጌአለሁ። ይህን የሚያውቁት ባለቤቴ፣ እናቴና የንስሐ አባቴ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ «የሐሞት ጠጠር አስወጣሁ» ብዬ ነበር የነገርኩት። ያንን ውሸት ዛሬ አነሣዋለሁ፤ ምክንያቱም ከእኔ በኋላ የማውቃቸው ሦስት የአገሬ ልጆች በዚያው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናውን ሲያደርጉ፣ እኔ ዝም በማለቴ አስቀድመው ሊያውቁት ይገባ የነበረውን ነገር ሳያውቁት ገብተዋል።

በዚያን ጊዜ ክብደቴ 128 ኪሎ ነበር፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው። ክብደትን በኪሎ ወስዳችሁ ለቁመታችሁ በሜትር ሁለት ጊዜ ብታካፍሉት ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉትን ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የእኔ 43 ነበር። ለዐሥራ አንድ ዓመታት በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሌሊቱን ተቀምጬ አድሬ፣ ጠዋት ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቼ የምተኛ ሰው ነበርኩ። ስኳር በሽታ ይዞኛል፤ በእንቅልፌ ትንፋሼ ስለሚቆራረጥም ጭምብል ያለው መሣሪያ ፊቴ ላይ አስሬ እተኛ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን የሚያገኙኝ ሰዎች «ተስማምቶሃል» ይሉኝ ነበር። እናቴም በስልክ መስኮት አይታኝ «እሰይ ልጄ፣ አገሩ ተቀበለህ» ትለኝ ነበር። ረሀብን ያየች እናት የልጇ ጉንጭ ሲሞላ ደስ ቢላት አልፈርድባትም።

ለዚህ ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት መመዘኛ ቢኤምአይ 40፣ ወይም ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ሰው 35 ነበር፤ በ2022 የሙያ ማኅበራቱ አሻሽለውት 35 የሆነ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም እንዲታከም መክረዋል። እኔ በሁለቱም መመዘኛ አልፍ ነበር። ቢሆንም ኢንሹራንሴ የስድስት ወር የሥነ ምግብ ክትትልና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ምርመራ ጠይቆ ነበር፤ ያኔ ያማረርኩበትን ያንን ስድስት ወር ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቀዶ ሐኪሟ ጨጓራዬን በወረቀት ላይ ሥለው አሳዩኝ። በሆዴ ላይ በሚከፈቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተው፣ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉን በስቴፕለር ቆርጠው አወጡት፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ነው። ይህ ስሊቭ የሚባለው ዓይነት ነው። ባይፓስ በሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከአንጀት ጋር ትገናኛለች። በስሊቭ የሚወጣው ክፍል ግሬሊን የተባለው የረሀብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ስለሆነ፣ ለውጡ የቦታ ማነስ ብቻ አይደለም። ከነቃሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረው የረሀብ ድምፅ ጸጥ ማለቱን ሳውቅ አለቀስኩ። ለካ ሌሎች ሰዎች ምግብ ፊታቸው ቀርቦ ወሬያቸውን የሚጨርሱት በትዕግሥት ብቻ አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ፣ ከመጠን በላይ የወፈረን ሰው ሆዳም እያልን ለምንጠራ ሁሉ ነው።

አሁን ስለ ሆስፒታሉ አዲስነት ልንገራችሁ። ሕንፃው የሚያበራ ነበር፤ ወንበሮቹ የእኔን ክብደት የሚሸከሙ ሰፋፊ፣ አልጋዎቹም ሰፊ ነበሩ፤ ይህ ለወፍራም ሰው ቀላል ክብር አይደለም። ከመፈረሜ በፊት ሐኪሟን ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሠሩ ጠይቄ፣ በሌላ ቦታ ለዓመታት የሠሩት መሆኑን አረጋግጫለሁ። አደጋውንም አልደበቁኝም፦ የተሰፋው መስመር ከመቶ ሰው በአንዱ ገደማ ሊያፈስ እንደሚችል፣ ደም ሊረጋ እንደሚችል፣ የሞት አደጋው ከሺህ አንድ አካባቢ እንደሆነ ነግረውኛል። ልጠይቅ ያልቻልኩት፣ ስለማላውቀውም ያልጠየቅኩት፣ ቅዳሜ ማታ ስልክ የሚያነሣው ማን እንደሆነ ነው።

ቤቴ በገባሁ በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ውኃ አልወርድ አለኝ። በማንኪያ የወሰድኩትን እመልሳለሁ፤ ስቆም ዓይኔ ይጨልማል፤ ልቤ ይመታል። ባለቤቴ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ደወለች። የመለሰችው ሴት ወደ ሌላ ክፍል አስተላለፈቻት፤ ያ ክፍል ደግሞ ስለ ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሰው ሰኞ እንደሚገባ ነገራት። እስከ ሰኞ ብጠብቅ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ባለቤቴ መኪናውን አስነሥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ፤ ፈሳሽና ቫይታሚን ቢ1 በደም ሥሬ ሰጡኝ፤ መስመሩ እንዳላፈሰሰም በሲቲ ስካን አረጋገጡ። ያዳከመኝ የፈሳሽ እጥረት ብቻ ነበር። ነገር ግን የልብ ምት መፍጠን የስፌት ማፍሰስም የደም መርጋትም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ማንም ሰው እንዲህ ሆኖ ሰኞን መጠበቅ የለበትም። ከዚያ ሌሊት በኋላ የገባኝ ነገር፣ አዲስ ሆስፒታል አዲስነቱ የሚታየው በቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት መሆኑን ነው። የሰለጠነ ሐኪም ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ በሌሊት ስልክ አንሥታ «አሁኑኑ ና» የምትል ነርስ ግን እዚያው ቤት በጊዜ ብዛት ነው የምትለመደው። ቅሬታዬን ጽፌ አስገባሁ፤ ከወራት በኋላ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ቁጥር ተሰጠን። ከእኔ ቀጥሎ ለገባች አንዲት እህት ያ ቁጥር ጠቅሟታል።

ሁለተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። ከሆስፒታሉ የተሰጠን የምግብ ዝርዝር የመጀመሪያውን ሳምንት የጠራ ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ እያለ ወደ ሁለት ወር ይሄዳል፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንድናገኝ፣ ከምግብ ጋር ውኃ እንዳንጠጣ ያዛል። ትእዛዙ ትክክል ነው። የተዘረዘሩት ምግቦች ግን ኦትሚልና የግሪክ እርጎ፣ ከዚያም የማላውቀው የቺዝ ዓይነት ነበሩ። አጥሚት የለም፤ ሽሮ የለም፤ እንጀራ በስንተኛው ሳምንት እንደሚፈቀድ የሚናገር መስመር የለም። አንድ የአገሬ ሰው በሦስተኛው ሳምንት «እንጀራ ለስላሳ ነው» ብሎ በላ፤ እንጀራው በቀጠነው ጨጓራው ውስጥ ረጥቦ አብጦ ሲያስጨንቀው ዋለ። ወረቀቱ ስለ በርበሬም፣ ስለ ቡናም፣ ይልቁንም ስለ «በሞቴ» አንዳች አይልም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው በአራተኛው ወር ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ታውቃለች፤ ቢሆንም እጇ አልቻለም። ጉርሻውን አጠቅልላ «በሞቴ፣ እኔ ልሙት፣ ይህችን ብቻ» ስትለኝ ጎረስኩ። ጉርሻው ካለኝ ቦታ ይበልጥ ነበር፤ ሮጬ ወጥቼ መለስኩት፤ እርሷም በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን እርሷም በአግባቡ አልበላችም። የጨጓራው ቁስል በሳምንታት ሽሯል፤ በገበታ ዙሪያ ለሚወዱኝ ሰዎች «በቃኝ» የሚለውን ቃል መማርና ማስተማር ግን ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለ ጾም ብዙ ጥያቄ ይደርሰኛል። ቀዶ ሕክምናውን ባደረግሁ በአምስተኛው ወር ዐቢይ ጾም ገባ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ልጹም ስል ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አሳዩኝ። ቢ12 ለመምጠጥ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር የሚመነጨው በጨጓራ ግድግዳ ሲሆን፣ የእኔ ጨጓራ አብዛኛው ተወስዷል፤ ለስኳር የምወስደው ሜትፎርሚንም ቢ12ን ይቀንሳል፤ የጾም ምግባችን ደግሞ በተፈጥሮው ቢ12 የለበትም። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ደም ማነስ፣ ከዚያም በጊዜ ካልታከመ የማይመለስ የነርቭ ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ። የንስሐ አባቴን አማከርኩ፤ የታመመ ሰው እንደማይገደድ ነግረውኝ በዚያ ዓመት በጸሎትና በምጽዋት እንድወሰን ፈቀዱልኝ። በዘንድሮው ጾምኩ፤ ነገር ግን በየወሩ ቢ12 መርፌ እየወሰድኩ፣ ፕሮቲኑን በምስርና በሽንብራ እየቆጠርኩ ነው። ሳያማክራችሁ «ይጹም ወይም ይተው» ብሎ የሚፈርድ ማንንም አትስሙ።

የሌሎቹን ታሪክ ባጭሩ፣ በፈቃዳቸው ልንገራችሁ። አንዲት እህት በአራተኛው ወር ፀጉሯ በእፍኝ ይወጣ ጀመር። ይህ ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ በወራት የሚመለስ ነገር ነው፤ እርሷን የሰበራት ግን ፀጉሯ ሳይሆን «ምን ነካሽ? ምን በሽታ ያዘሽ?» የሚለው ሹክሹክታ ነበር። በእኛ ዘንድ መክሳት የበሽታ ስም አለው፤ ያንን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። ለአንድ ዓመት ያህል ከሰንበቴ ቀረች። ባይፓስ ያደረገው ወንድም ደግሞ በሠርግ ላይ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ጠጥቶ፣ ስኳሩ በፍጥነት ወደ አንጀቱ ሲወርድ ላብ አጠመቀው፤ ልቡም ሲመታ፣ ሰክሯል ብለው ወደ ውጭ አወጡት። እርሱ እስካሁን ይህን ሲያነሣ ድምፁ ይለወጣል።

እኔ በአሥራ አራተኛው ወር 91 ኪሎ ደርሼ ነበር፤ አሁን 94 ነኝ። ጭምብሉን መልሻለሁ፤ የስኳር መድኃኒቴ በግማሽ ቀንሷል። ሦስቱ ኪሎ ሲመለሱ ደነገጥኩ፤ የሌሊት ፈረቃዬን እንዳልተውኩ አስታወስኩ። ቀዶ ሕክምናውን በማድረጌ አልጸጸትም። ብቻዬን፣ በውሸት ተሸፍኜ በማድረጌ ግን እጸጸታለሁ።

ባለፈው ወር አራታችን በቤቴ ተሰብስበን፣ የሆስፒታሉን ወረቀት በአማርኛ እንደገና ጻፍነው፤ አጥሚቱን በየትኛው ሳምንት፣ የተፈጨ ምስሩን በየትኛው፣ እንጀራውን ከየትኛው ወር በኋላና በስንት ጉርሻ እንደሚሞከር ከየራሳችን ልምድ አሰፈርን። ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ ወሰድኩላት። ከላይ እስከ ታች አስተርጉማ ካዳመጠች በኋላ አንድ ጭልፋ ሽሮ ውስጥ ስንት ግራም ፕሮቲን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ አላወቅሁም። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ሽሮውን ከነዱቄቱ ይዤ እንድመጣ፣ ሚዛኑን እርሷ እንደምታዘጋጅ ነግራኛለች።