መጠይቁን ያልሞሉት ተመራማሪዎች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ የማወራው የተመራማሪዎችን የጋራ የኮምፒውተር ክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ የብዙ ኮምፒውተሮች ስብስብ፣ ለምታስተዳድሩ የድጋፍ ባለሙያዎች ነው። አንዱ ጂኖም ይተነትናል፣ ሌላው የአየር ንብረት ሞዴል ያስኬዳል፣ ሁሉም አንድ ወረፋ ይጠብቃሉ። «በሚቀጥለው ዓመት ምኑን እናሻሽልላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። መጠይቅ ብቻውን ግን፣ በእኔ እምነት፣ መልሱን አይሰጥም።

ብዙዎች የሚጠቀሙት ኤስ ዩ ኤስ የሚባለውን፣ ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውን የአጠቃቀም ምቾት መለኪያ ነው። 10 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ተራ ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆነው (1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9) አገልግሎቱን ያወድሳሉ፣ ሙሉ የሆነው (2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10) ይነቅፉታል። ከጎዶሎዎቹ መልስ ላይ 1 ትቀንሳላችሁ፤ የሙሉዎቹን መልስ ደግሞ ከ5 ላይ ትቀንሳላችሁ፤ ድምሩን በ2.5 ታባዛላችሁ። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይሆናል፣ መቶኛ ግን አይደለም። 68 አካባቢ እንደ መካከለኛ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቸኩሎ ከላይ እስከ ታች 5ን ብቻ የመረጠ ሰው ውጤቱ 50 ይመጣል። ሁሉንም 1 ያደረገም ያው 50 ነው። ስለዚህ አማካዩን ከማስላታችሁ በፊት 50 ያመጡትን መልሶች አንድ በአንድ እዩ።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን ጭራሽ ያልመለሱት ናቸው። መጠይቁን የሚሞላው በአብዛኛው የለመደው ነው፤ ተስፋ ቆርጦ የሄደው ኢሜይሉንም አይከፍተውም። እሱን የምታገኙት የክላስተሩን ወረፋ በሚያስተዳድረው በስለርም ሶፍትዌር መዝገብ ውስጥ ነው። ሳክት የሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዱ ሥራ እንዴት እንዳለቀ ያሳያል፦ ተሳክቶ፣ ጊዜ አልቆበት ወይም ሜሞሪ አንሶት። አካውንት ከፍቶ፣ የመጀመሪያ ሥራዎቹ በሜሞሪ ማነስ ተቋርጠውበት፣ ከዚያ ለሦስት ወር የጠፋ ሰው ካለ ደውሉለት።

ስትደውሉ «አገልግሎታችን እንዴት ነው?» አትበሉ። ይሉኝታ ይይዛቸውና «በጣም ጥሩ ነው» ይሏችኋል። «መጨረሻ ያስገቡት ሥራ የቱ ነበር? ምን ላይ ቆመ? ከዚያ ማንን ጠየቁ?» በሏቸው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ትንሽ ነው፦ ሥራውን በሚያስገባው የትእዛዝ ፋይል፣ ማለትም ስክሪፕቱ ላይ የሜሞሪ መጠን ስላልተጻፈ ክላስተሩ የራሱን መነሻ መጠን ይሰጣል፣ ያ ደግሞ አይበቃም። የናሙና ስክሪፕታችሁ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይፈታዋል። ይህን ግን የትኛውም አማካይ አይነግራችሁም።

የድጋፍ ጥያቄዎችንም በብዛታቸው ብቻ አትመዝኑ። የጠፋ የይለፍ ቃል በየቀኑ ይመጣል፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ማከማቻው ሞልቶበት የሳምንት ስሌቱ የተቋረጠበት ተመራማሪ በወር አንዴ ቢመጣም ጉዳቱ ከባድ ነው። ብዛቱን በባከነው ጊዜ አባዙና ቅደም ተከተሉን ከዚያ አውጡ።

ውጤቱ ሲወጣ የምታደርጉትንም የማታደርጉትንም ከነምክንያቱ ለተጠቃሚው ንገሩ። በዓመቱ መጠይቁን ስትደግሙት አሥሩን ዓረፍተ ነገሮች አንድም ቃል ሳትነኩ አቆዩ፤ ከነካችሁ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ማወዳደር አይቻልም። አዲስ ጥያቄ ካላችሁ ከአሥሩ በኋላ አስገቡት።